አሥራ ስድስት ቀን በጊላ ዳር

ጊላ ወንዝ፣ የፒማዎች መንደር፣ 1855 እ.ኤ.አ.

መስከረም 20

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ያላመሰገንሽበትን ቀን አልኖርሽውም» ትለኝ ነበር። ከቴክሳስ ስንነሳ ይህን ደብተር የያዝኩት ለዚሁ ነው፤ በቀን አንድ ምስጋና ልጽፍበት። ስምንት ቀን ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ዛሬ ልሞክረው።

የሆነው እንዲህ ነው። አንዱ በሬያችን አንክሶ ከሌሎቹ ሠረገላዎች ግማሽ ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርተን ነበር። ልጄ ዴሊ ቀይ ቆቧን አድርጋ አጠገባችን ካለ ዛፍ ሥር የረገፈ ፍሬ ትለቅም ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የለቀመችውን ሁሉ ቆጥራ ካልነገረችኝ አይሆንላትም። «ሩቅ እንዳትሄጂ» አልኳት። ሩቅ አልሄደችም። ከአንድ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ፈረሰኞች ወጡ፣ በቅሎዎቻችንን ነዱ፣ ባሌን አሞስን ጭኑ ላይ በቀስት ወጉት፣ ልጄን ከመሬት አንስተው ይዘዋት ሄዱ። እሷ አልጮኸችም። የጮኽኩት እኔ ነኝ።

የጉዞው አለቃ ሁለት ቀን ጠበቀን። ከዚያ «ውሃው ለሁላችን አይበቃም፣ ወይዘሮ ብራንደን፤ ይቅርታዎን» ብሎ ባርኔጣውን አነሳልኝና ወደ ካሊፎርኒያው መንገዱን ቀጠለ። አልረገምኩትም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ረግሜዋለሁ።

አሞስን በቃሬዛ ተሸክመው እዚህ ያደረሱን ፒማዎች፣ የዚህ ወንዝ ዳር ነባር ሕዝብ፣ ናቸው። ማን ጠራቸው? ማንም። ያስጠጋችን ሴት ረፋኤላ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከእኔ አሥር ዓመት ብትበልጥ ነው፣ ክንዷ የወንድ ክንድ። ወጣት ሳለች ሜክሲኮዎች ዘንድ ስለሠራች ስፓኒሽ ትናገራለች፤ እኔና አሞስም ከሳን አንቶኒዮ ጎረቤቶቻችን የለቃቀምነው አለን። እየሰባበርን እንግባባለን። ቤቷ ውስጥ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ አለች፤ የስንዴ በሶ በጥብጣ ታመጣልኛለች፣ እስክጨርሰው ከፊቴ አትነሳም።

የረፋኤላ ልጅ ካዬታኖ አሥራ አንድ ሰው አስከትሎ ዴሊን ሊፈልግ ከወጣ አምስተኛ ቀኑ ነው።

ምስጋና፦ የአሞስ ትኩሳት በረደ። በሶው። ካዬታኖ።

መስከረም 22

ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ዳቦ ጋገርኩ። ረፋኤላ አንዴ ገመጠችና አላምጣ አላምጣ፣ «ይሄንን ጠላት ላይ ብንወረውር ጦርነቱ ድሮ ባለቀ ነበር» አለች። አሞስ ከተኛበት፣ «እኔ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሲወረወርብኝ ኖሯል፣ እማማ» አላት። ልጅቷ እየተንከተከተች ወጣች። እኔም ሳቅኩ።

ልጄ ሳትኖር ሳቅኩ። ወዲያው አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

ምስጋና፦ አሞስ ቀልድ ጀመረ።

መስከረም 24

ተመለሱ። አሥራ ሁለቱም። ዴሊ የለችም።

ካዬታኖ ፊቱ ጥቁር ተቀብቷል። ቤት አልገባም፤ እናቱን እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። ቀይ ቆብ አይተዋል። በገደሉ ማዶ። በዓይናቸው አይተዋታል! እሱ አንድ ሰው ገደለና ተመለሰ። አይተዋት ተመለሱ።

ምስጋና የለም። እናቴ ትቆጣ።

መስከረም 25

ረፋኤላ ዛሬ ጠዋት የወፍጮ ድንጋይዋን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። እንዳለችኝ ልጻፈው።

«ልጄ ሰው ገድሏል። ሰው የገደለ ሰው ጦርነቱ እዚያው ላይ ያበቃል። የሟቹ ነገር ላዩ ላይ ነው፤ ይዞት ቢዞር እሱንም እኛንም ያሳምመናል። አሥራ ስድስት ቀን ብቻውን ይቀመጣል። እሳት አያይም፣ ጨው አይቀምስም፣ አያወራም፣ ሰው አይነካውም። ራሱን እንኳ የሚያከው በእንጨት ነው።»

«ሌሎቹስ? ሌሎቹ ለምን አልሄዱም?»

«የእነዚያን ሰዎች ቋንቋ የሚያውቀው ካዬታኖ ብቻ ነው። ልጅ ሆኖ ወስደውት አራት ዓመት አብሯቸው ኖሯል። ያለ ቋንቋ መጠጋት መዋጋት ነው፤ በውጊያ መሀል የተያዘ ልጅ ደግሞ አይተርፍም።» ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «ሲወጣ ይሄዳል። አሥራ ስድስት ቀን ነው፣ አንቺ ሴት። አሥራ ስድስት ዓመት አይደለም።»

ለአሞስ ስነግረው፣ «እኛ አገርኮ ሰው የገደለ ሸሪፍ ነው የሚሆነው» አለ። ቀልዱን ነው መሰለኝ። ቀልድ ግን አልመሰለም።

ዛሬን ሁለተኛ ቀን ብዬ ቆጠርኩ። ጥቅምት 9 ያልቃል፤ በ10 ይወጣል።

መስከረም 26

የማይጻፍ ነገር አድርጌያለሁ፤ እጽፈዋለሁ።

ካዬታኖ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር በቅጠል ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። የረፋኤላ አጎት፣ ሽማግሌው፣ በቀን አንዴ ቀጭን በሶ ያደርሱለታል። እኔ ሄጄ ፊቱ ቆምኩና ጮህኩበት። «ፈሪ! ልጄን በዓይንህ አይተህ እንደ ዶሮ ጥላ ሥር ትቀመጣለህ?» አልኩት። ከዚህም የባሰ አልኩት። አቀርቅሮ ትንሿን እንጨት በጣቶቹ ያሽከረክር ነበር። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ አንገቱ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለው።

ረፋኤላ መጥታ በእጅጌዬ ጎትታ ወሰደችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ጨረስሽ? እንግዲያው ነይ፣ ስንዴው ይጠብቀናል» አለችኝ፤ ሌላ ምንም። ምነው በሰደበችኝ።

ምስጋና፦ ስንዴው። ሲፈጩ ማሰብ አይቻልም።

መስከረም 27

መንገደኞች አለፉ፤ አራት ሠረገላ። ሐብሐብ ሊገዙ ቆሙ። አንዷ ሴት እኔ መስማቴን ሳታውቅ ለባሏ፣ «ከእነዚያ ዘንድ ተመልሳ ምን ልትሆን? ሞታ ብትገኝ ይሻላት ነበር» አለችው። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። እንስራውን ራሷ ላይ ልደፋው ምንም አልቀረኝም።

ምስጋና፦ አለመድፋቴ።

መስከረም 29

አለች! አለች! አለች!

ከጎረቤት መንደር የመጣ አዳኝ ከሩቅ ሰፈራቸውን አይቷል። ከዚህ የሁለት ቀን መንገድ፣ ምንጭ አጠገብ። ቀይ ቆብ በእጇ የያዘች ልጅ አንዲት ሴት ጭን ላይ ተቀምጣ ሴትዮዋ ፀጉሯን ስትፈታላት አይቷል። እስከ ሙሉ ጨረቃ እዚያው ይቆያሉ አለ፤ ከዚያ ግን ለክረምቱ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያገኛታል? ድንበር ተሻግረው የተሸጡ ልጆች ወሬያቸው እንኳ አይመለስም።

ጨረቃዋ ዛሬ ገና ክር ናት። ጥቅምት 14 ግድም ትሞላለች። ካዬታኖ በ10 ቢወጣ በ12 ይደርሳል። ይደርሳል። ሦስቴ ቆጠርኩት። ዴሊን የወለድኳት ለካ እኔ ነኝ፤ ቆጠራው ከእኔ ነው የመጣባት።

አሞስ «አፓቼ ሆኖ ፀጉር የሚፈታ» እያለ ሲደነቅ ረፋኤላ ሰማችው። «እናንተ ከተራራ የመጣውን ሁሉ አንድ ስም ሰጥታችሁ ትገላገላላችሁ» አለችው። «እኔም ጠላቴ ነው እላለሁ፤ ግን ጠላትም እናት አለው።»

ምስጋና፦ ለማላውቃት ሴት ጣቶች። ቀስ ብላ ትፍታላት፤ ዴሊ ፀጉሯ ሲጎተት አትወድም።

ጥቅምት 2

ዛሬ ሁለት ነገር ሰማሁ፤ ሁለቱም አንገቴን ያስደፉኝ።

ጓዶቹ እንደሚሉት ካዬታኖ ሊዋጋ አልነበረም የሄደው። መሣሪያውን ለጓዶቹ ትቶ ባዶ እጁን፣ በቋንቋቸው እየተጣራ፣ ስለ ልጄ ሊነጋገር ገደሉን ይወርድ ነበር። ጠባቂው ከድንጋይ ኋላ ዘሎ ያዘው። ተናንቀው ወደቁ፤ የተነሳው አንድ ሰው ነው። ካዬታኖ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም። «ፈሪ» ያልኩት ይህንን ሰው ነው። ምላሴን በቆረጠው።

ሁለተኛው ስለ ልጅቷ ነው። የረፋኤላ ልጅ ትመስለኝ ነበር፤ ሁሉም «የረፋኤላ ልጅ» ነው የሚላት። አይደለችም። ከሰባት ዓመት በፊት የፒማ ሰዎች ለበቀል ተራራ ወጥተው ከማረኳቸው ልጆች አንዷ ናት፤ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ሌሎቹ ድንበር ማዶ፣ ወደ ሜክሲኮው ሶኖራ ተሸጡ። «ይቺን ሊወስዷት ሲመጡ በር ላይ ተቀመጥኩ» አለች ረፋኤላ። «ወንዶቹ እየሳቁ ሄዱ። እኔ እስኪመሽ ከበሩ አልተነሳሁም።»

ልጅቷ ያኔ የአሞስን ቁስል ታጥብ ነበር። የዛፍ ሙጫ እየቀባች በቋንቋዋ ታንጎራጉራለች፤ እሱም ያልገባውን ዜማ ተቀብሎ ያበላሻል፣ እሷ በጣቷ አፉን ትዘጋዋለች። ሁለቱ ከተዋደዱ ቆይተዋል።

ምስጋና፦ ብዙ ነው። ነገ ለካዬታኖ በእጄ አደርሰዋለሁ።

ጥቅምት 4

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሰዎቹ ይቅር ካሉኝ።

ትናንት ሲመሻሽ፣ ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ጠብቄ፣ ያለንን የመጨረሻ ቡና አፈላሁ። ስኳር አበዛሁበት። ዳቦ ቆርሼ የጨው ሥጋ ከተትኩበት። መንገዱ እንዳይጨልምብኝ ፋኖሱን አበራሁ። ይህን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ረፋኤላ የነገረችኝን አልረሳሁም እኮ! እሳት አያይም ብላኛለች፣ ጨው አይቀምስም ብላኛለች፣ ሰው አይነካውም ብላኛለች። እኔ ግን በልቤ፣ «ይህ ለክፉ ሰው ነው፤ እኔ ለምስጋና ነው የምሄደው» አልኩ። ምስጋና የትም ይገባል ብዬ ነው ያደግኩት።

ፋኖሱን ፊቱ አስቀመጥኩ። እጁን ያዝኩና «ይቅር በለኝ» አልኩት። እንደተቃጠለ ሰው እጁን ነጠቀ፤ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ቡናው ተደፋ። ሽማግሌው እየሮጡ መጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ማየት ራሱ ቅጣት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወሰኑ። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ዛሬ አንድ ነው።

ጥቅምት 19 ነው የሚያልቀው። ጨረቃዋ በ14 ትሞላለች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን ምን ብዬ እለቅመዋለሁ?

ጥቅምት 5

ለመንኳቸው። አሞስ በምርኩዝ ቆሞ ሽማግሌዎቹ ፊት በሬዎቻችንን፣ ሠረገላችንን ሰጠ። አዳመጡን፤ አልሳቁብንም፣ አልተቆጡንም። ሽማግሌው በመጨረሻ በረፋኤላ በኩል፣ «ልጄ፣ ሐዘንሽ ገብቶናል። ነገር ግን በታመመ እጅ የተሰጠ ልጅ ታሞ ነው የሚመጣው» አሉኝ።

ሌላ ቋንቋቸውን የሚያውቅ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ማንም አልመለሰልኝም።

ጥቅምት 6

በጣም ሞቃት ቀን። ዛሬ ምንም አልሆነም።

ከረፋኤላ ጋር ስንዴ ስንፈጭ ዝም እንዳይባል ብዬ ስለ ልጅቷ አወራኋት። አሁንም የአገሯን ቋንቋ ታስታውስ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ስታንጎራጉር በእሱ ነው» አለች። እናቷ በሕይወት ትኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። «አላውቅም» አለች። እናትየዋ ሰባት ዓመት ሙሉ ምን ሆና ይሆን አልኩ። ይህን ብቻ ነው ያልኩት። ጨዋታ ነው፤ ሴቶች ሲፈጩ የሚጫወቱት።

ረፋኤላ መፍጨቷን አቆመች። ለምን እንዳቆመች አላውቅም። ከዚያ ዱቄቱን ሰብስባ ገባች፤ ሳይልም የቀረውን እኔ ጨረስኩት።

ምስጋና፦ ሞቃት ነበር ግን ነፋስ ነበር።

ጥቅምት 7

ረፋኤላ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ዋለች። አሞስ «ምን አልሻት?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። ዓይኔን አየኝ። «ኬዚያ፣ ምን አልሻት?» አለኝ ደግሞ። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 8

ልጅቷ ትሄዳለች። ልጅ በልጅ። ሽማግሌው ነጭ ጨርቅ ይዘው ከሁለት ሰዎች ጋር ይወስዷታል፤ እሷው ራሷ በቋንቋዋ ትጣራለች።

እኔ ማንንም አልጠየቅኩም። ሐሳቡ የራሷ የረፋኤላ ነው።

ትናንት ማታ ልጅቷን አስቀምጣ ነግራታለች። ልጅቷ፣ «እዚያ ዱባ ይበላሉ?» ብላ ጠየቀቻት አሉ። «ዱባ ከሌለ ዘሩን ይዘሽ ትሄጂያለሽ» አለቻት። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ወንዝ ወስዳ ፀጉሯን አጠበችላት፣ አበጠረችላት፣ የዱባ ዘር በትንሽ ከረጢት ወገቧ ላይ አሰረችላት። ልጅቷ አሞስ ጋ ገብታ ቁስሉን ለመጨረሻ ጊዜ አየች። አፉን በጣቷ ነካችው። አሞስ፣ ፂሙን ሲላጭ ቆርጦት እንኳ «አይ» የማይለው ሰውዬ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ አለቀሰ።

ሲሄዱ ሁሉም ወጣ። ረፋኤላ አልወጣችም። የወፍጮው ድምፅ ከውስጥ ይሰማ ነበር፤ ባዶ ድንጋይ በባዶ ድንጋይ ላይ።

ዛሬ ማመስገን አለብኝ። አውቃለሁ።

ጥቅምት 11

ደርሰዋል ብዬ አስባለሁ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ረፋኤላ ግን በሶውን ራሷ በጥብጣ አመጣችልኝ፤ እንደ ልጅቷ ፊቴ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀች። ከዓይኗ ሸሽቼ ጠጣሁት።

ጥቅምት 13

ዴሊ! ዴሊዬ! እቅፌ ውስጥ። የእኔው አምላክ፣ ምስጋና ይድረስህ፣ ምስጋና፣ ምስጋና።

ከፈረስ ስትወርድ መጀመሪያ ያለችው፦ «አርባ ሦስት ነበሩ፣ እማ። ሁሉንም ጣልኳቸው።» ፍሬዎቹን። ከዛፉ ሥር የለቀመቻቸውን። ይህን ሁሉ ቀን ቁጥሩን ይዛ ኖራለች።

ከስታለች። ጠቁራለች። እግሯ ላይ አዲስ ጫማ አለ፣ ከቆዳ የተሰፋ፣ በልኳ። አሞስ ሊያነሳት ብሎ ወደቀ፤ ሦስታችንም መሬት ላይ ሆነን ሳቅን። መንደሩ ሁሉ ሳቀ። ካዬታኖ ከሩቅ፣ ከጥላው ሥር፣ ወደኛ ዞሮ ተቀምጦ ነበር።

ረፋኤላ ዴሊን ጉንጯን ይዛ አየቻት። «ጥሩ ጥርስ አላት» አለች። «የእናቷን ዳቦ ትችለዋለች።»

ጥቅምት 16

ዴሊ በእንቅልፏ ታለቅሳለች። ፈርታ መስሎኝ ነበር። «እሷን ነው» አለችኝ። ፀጉሯን የምትፈታላትን ሴት። የቁልቋል ልብ በትኩስ አመድ ጠብሳ ታበላት ነበር፤ እንደ ማር ነው ትላለች። ጫማውን የሰፋችላት እሷ ናት። ክፉም ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ በዱላ መትቷታል፤ ሴትዮዋ ዱላውን ነጥቃ ሰበረችው።

ልውውጡ ዕለት ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ሴትዮዋ እኔን ፊቴን ነካችኝ። ከዚያ የእነሱን ልጅ ፊቷን ነካች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ልጅቷም አጠገቧ ተቀመጠች።»

«ታውቃታለች? እናቷ ናት?»

«እኔ እንጃ፣ እማ። ግን ልጅቷ ከረጢቷን ፈትታ ዘር ሰጠቻት።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «በእኔ ቦታ የሄደችው ልጅ ስሟ ማነው?»

አላውቀውም።

ከሃያ ቀን በላይ ውሃ ቀድታ አጠጥታኛለች፤ ደብተሬን መለስ ብዬ ገለጥኩት፣ «ልጅቷ»፣ «ልጅቷ»፣ «ልጅቷ» ይላል። «እጠይቅልሻለሁ» አልኳት። ረፋኤላ ውጭ ነበረች፤ ሄጄ መጠየቅ እችል ነበር። አልሄድኩም።

ጥቅምት 20

ካዬታኖ ወጣ። ወንዝ ወርዶ ታጠበ፣ ጥቁሩ ቀለም ከፊቱ ለቀቀ፤ ለካ ቆንጆ ነው። በቀጥታ ወደኛ መጣና እጁን ዘረጋ። በስፓኒሽ፣ «አሁን ቡናዬን አምጪ» አለኝ።

የለኝም! የመጨረሻው ነበር! ሳልነግረው ገብቶት ሳቀ። ሳቁ ሲያባራ ዴሊን አያትና አጠገቧ ተንበረከከ፣ በዚያኛው ቋንቋ የሆነ ነገር አላት። እሷም በዚያኛው ቋንቋ መለሰችለት። ሁለት ቃል ብትሆን ነው። ደነገጥኩ።

«እኔም ወደ ቤት ተመልሼ ወር ሙሉ አልቅሻለሁ» አለኝ። «እናቴ ስለመቱኝ የማለቅስ መስሏት ነበር። መተውኛል። ያለቀስኩት ግን ይወዱኝ ስለነበር ነው። አትቆጫት፤ ታልቅስ።»

ምስጋና፦ ካዬታኖ። የተሰደበ ሰው ይህን ሊል ይችላል ብዬ አላስብም ነበር።

ጥቅምት 22

ዛሬ ከመንገደኞች ጋር ተነሳን። አሞስ ሠረገላው ላይ መቀመጥ ችሏል። ይህን የምጽፈው መንገድ ላይ፣ ሠረገላው እየተናጠ ነው፤ ልቤ ሳይቀዘቅዝ መጻፍ አለብኝ።

ረፋኤላ ለመንገድ የተቆላ የስንዴ ዱቄት በሠራችው ቅርጫት ሞልታ አመጣችልኝ። እጇን ይዤ ማመስገን ጀመርኩ። ስለ ቤቷ፣ ስለ አሞስ እግር፣ ስለ በሶው። ትሰማኛለች፣ ትሰማኛለች፤ ከዚያ «በቃ» አለችኝ። «አንቺ ስታመሰግኚ እንደሚሮጥ ሰው ነሽ። ከምን ነው የምትሮጪው?»

ያኔ ወጣ። ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ሁሉ። «ያን ቀን ስንፈጭ» አልኳት፣ «ስለ እናቷ የጠየቅኩሽ ለጨዋታ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ሐሳቡን እንድታመጪው ብዬ ነው። እኔ እንዳልለው።»

«ስፓኒሽሽ መጥፎ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው» አለች። ቅርጫቱን ከእጄ ወስዳ ራሷ ሠረገላው ላይ አስቀመጠችው፣ እንዳይንከባለል በብርድ ልብስ ደገፈችው። «በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እጠይቅ ነበር። ያልተቆጣሁሽ ለዚህ ነው። ይቅር ብዬሽ አይደለም። ይቅርታው ጊዜ ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ዛሬ ትሄጃለሽ።»

ባል፣ ልጅ፣ እህል ይዤ የምሄድ ሴት ነኝ፤ እሷ ባዶ ወፍጮ ይዛ የምትቀር። እግሯ ላይ ልወድቅ ብዬ ነበር፤ ይህም ሩጫ ነው ትለኛለች ብዬ ተውኩት።

«ስሟን ንገሪኝ» አልኳት።

ይህን ያህል ጊዜ ሳልጠይቅ መቆየቴ ያን ጊዜ ነው የገባት መሰለኝ፤ ፊቷ ላይ አየሁት፤ ዳቦዬንም፣ ፋኖሴንም፣ ያንን ጥያቄዬንም ያለፈች ሴት በዚህ ተጎዳች። ግን ነገረችኝ። «እኔ ያወጣሁላት ነው። እዚያ በሌላ ይጠሯት ይሆናል።»

ሠረገላው ተንቀሳቀሰ። ዴሊ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ እጇን ታወዛውዛለች። ረፋኤላ ዛሬ በር ላይ ወጥታ ቆማለች።

«ጠየቅሻት፣ እማ?»

«ጠየቅኳት።»

ምስጋና፦ ቶማሳ ትባላለች።